ውሃ በጠፋበት ቀን የታጠበ ኩባያ

መርማሪዋ ወይዘሮ ሴጋሜትሲ፣ በአገሩ አጠራር ማ ሴጋሜትሲ፣ ኩባያውን ጠዋት አይታው አልፋለች። በማውን ከተማ ዳር ባለው የበረራ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ ዝቃጭ የደረቀባቸው አራት የሻይ ኩባያዎች ተከምረዋል፤ አምስተኛው ታጥቦ ተደፍቷል። ነገሩ የከነከናት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የበረራ ተማሪዋን ጎራታን ፖሊስ ጣቢያ ወስደዋት ነበር።

የሞተው አስተማሪዋ ሞሌፊ ነው። አውሮፕላን ድንገት ከቁጥጥር ሲወጣ እንዴት እንደሚቃና ያስተምር ነበር። ተማሪው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሞሌፊ አውሮፕላኑን እያገላበጠ እስከ ሰባት ይቆጥርና «ያንተ ነው» ይላል። ከዚያ በፊት ዓይን መግለጥ ክልክል ነው።

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አለቻት ማ ሴጋሜትሲ ጣቢያ ሄዳ።

«ስንነሳ ያዛጋ ነበር፣ ማ። ሞሌፊ ማዛጋት! ከዚያ ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ። አራት ብሎ ዝም አለ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... ገልጬ ሳይ መሬቱ ከራሴ በላይ ነው። እሱ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ከዚያስ?»

«አቃናሁት። በሬዲዮ ጮህኩ፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ራ ዲፖኮ እያነጋገሩ አወረዱኝ።»

«ፖሊሶቹ ሳትታዘዢ ዓይንሽን ገልጠሽ መሪውን ስለነጠቅሽው ልቡ ቀጥ አለ እያሉ ነው።»

«ባልገልጥ ኖሮ ማንን ያስሩ ነበር?»

ማ ሴጋሜትሲ ሰዓቷን አየች። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካላገኘች ልጅቷ ክስ ይመሠረትባታል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ሁለተኛው አስተማሪ ኦቴንግ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ችኩል ልጅ ናት፣ ማ። እኔ የእጅ ሬዲዮዬን ይዤ አስፋልቱ ዳር ነበርኩ። ጩኸቷን ሰምቻለሁ።»

መካኒኩ ሞቲቢ እስከ ክርኑ ግራሶ ነበር። «እኔማ ሞተር እያስጮህኩ ነው። ሬዲዮ ቀርቶ አማቴ ብትጠራኝም አልሰማም። ቀና ያልኩት አውሮፕላኗ ስታርፍ ነው።»

«ሻዩን ማን አፈላ?»

«ኦቴንግ፣ በጀሪካን ውሃ። ቧንቧው እስከ ሦስት ሰዓት ከሩብ ደረቅ ነበር። ውሃው ሲመጣ ከደጁ ቧንቧ ባልዲዬን ሞልቼ ነው ሞተሩን ያስነሳሁት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው፤ ጎራታንም አስመጣች። ራ ዲፖኮ ወንበር እምቢ ብሎ ቆመ።

መርማሪዋ የታጠበውን ኩባያ አነሳች። «አውሮፕላኗ የተነሳችው ሦስት ሰዓት ነው። ውሃ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ፤ ጠዋት ሳየው ደግሞ ኩባያው ገና እርጥብ ነበር። ስለዚህ ይህ የሞሌፊ ኩባያ የታጠበው ሞሌፊ አየር ላይ ሳለ ነው። ሻዩ ውስጥ ልብ እስኪያቆም የሚያስተኛ ነገር የጨመረው ሰው ቀድሞ፣ ከጀሪካኑም ቢሆን፣ ለምን አላጠበውም?»

ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ማጠብ ስላላስፈለገው ነው። ያንቀላፋ አስተማሪና ዓይኗን የጨፈነች ተማሪ አይመለሱም። አውሮፕላን ሲከሰከስ ደግሞ ኩባያ የሚመረምር የለም። የደነገጠው ጎራታ በሬዲዮ ስትጮህ ነው። ጥሪዋን የሰሙት ሁለት ናቸው። ራ ዲፖኮ ጎማው መሬት እስኪነካ አፋቸውን ከሬዲዮው አልነቀሉም፤ ድምፁ ተቀድቷል። ሞቲቢ ደግሞ በዚያ እጁ ቢከፍተው ኖሮ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይጠቁር ነበር።»

ኦቴንግ ሳቀ። «ኩባያ አጠብኩ እንበል። ንጹሕ መሆንም ያሳስራል እንዴ?»

«አያሳስርም። ግን ውሃ ሲጠፋ ሞሌፊም እንደ እናንተ የተረፈውን ሻይ የት ነበር የሚደፋው?»

የኦቴንግ ዓይን ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ባልዲ ሾለከ።

«እሱን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ ባዶ ነው» አለችው። «የጠዋቱ ታሽጎ ለምርመራ ወደ ጋቦሮኔ ሄዷል።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ሞሌፊ ሁለት ጊዜ ፈተነኝ፤ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ተማሪ ፊት! ትደነግጣለህ፣ ለማስተማር አትሆንም አለኝ።»

«እሷስ ምን አድርጋህ ነው?»

ኦቴንግ ወደ ጎራታ ዞሮ ማየት አልቻለም።

ማ ሴጋሜትሲ ልጅቷን ራሷ ቤቷ አደረሰቻት። እናትየው ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ላይ ነበረች፤ ሞታለች ብላ አልቅሳ ጨርሳለች። የልጇን ራስ፣ አንገት፣ ክንድ ተራ በተራ ዳበሰች።

«ነገም ትበሪያለሽ?»

«እበራለሁ፣ እማ።»

እናትየው ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ማ ሴጋሜትሲ መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ቁልፉ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማች።