የጋሽ ወልደ ሩፋኤል ትርፍ ቁልፎች

ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ጠዋት በማተሚያ ቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ከጭንቅላታቸው ኋላ ደም ፈስሶ ደርቋል። ዓይናቸው ግን ተከድኗል፤ የእግራቸው አውራ ጣቶችም እንደ ወጉ በጥቁር ክር ታስረዋል። ኢንስፔክተር ገለቴ አጠገባቸው ተንበርክካ ክሩን ትኩር ብላ አየችው። ወድቆ የሞተ ሰው የራሱን ጣት አያስርም።

«ማን ነው ያሰረላቸው?»

«እኔማ ጎረቤት መስሎኝ» አሉ ባለቤታቸው እትዬ እየሩስ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።

«ወላሂ እኔ ስደርስ ታስሮ ነበር» አለ በጎን ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠው በድሩ። «እትዬ እየሩስ ያሰሩ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ላሊበላ ላይ ሬሳ ያለ ገናዥ አያድርም፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ገዳዩን የሸሸገው ይኸው የሰው ደግነት ነበር።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ጋሽ አረጋ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለቻቸው ገለቴ።

«በአባታችን ቤት ጉዳይ። የማይጣላ ወንድም አለ እንዴ? ትናንት ግን ኩልመስክ ነበርኩ፤ የገባሁት መርዶ ሰምቼ ነው።»

ገለቴ ደረጃውን ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ አጠገቡ ትንሽ ሣጥን ተከፍቶ ኮድ የተጻፈባቸው አራት ካርዶች ተደርድረዋል። የማተሚያ ቤቱን ሠራተኛ ቃለሕይወትን ጠራችው። የጋሽ ወልደ ሩፋኤል የክርስትና ልጅ ነው፤ እናቱ ሲሞቱበት አምጥተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በቅርቡም ሊድሩት ነበር። አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል። ብርድ መቶኝ ነው ይላል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ትርፍ የላይሰንስ ቁልፎች። የሠርግ መጥሪያና የባነር መሥሪያውን ፕሮግራም የሚከፍቱ ኮዶች ናቸው። አንዱ ቁልፍ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ አንዴ ከተመዘገበ ለሌላ አያገለግልም።»

«ሣጥኑን ማን ይከፍታል?»

«እሳቸውና እኔ።»

«ትናንትስ ምን ያደርጉባቸው ነበር?»

«አሁንም ይሠሩ እንደሆነ፣ ኮዱን ሳይመዘግቡ እየፈተሹ ነበር። ሁሉም ደህና ናቸው ብለውኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።»

ገለቴ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ኮድ እሷም ሳትመዘግብ ፈተሸች። ኮምፒውተሩ፣ ቁልፉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ላይ ውሏል ሲል መለሰላት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ደህና ነው ያላት አራተኛውን ብቻ ነው። ካርዶቹን ሰብስባ ቃለሕይወትን አሰናበተችው።

ከቀብር መልስ ሁሉንም እዚያው ማተሚያ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ሌባ ቢሆን ገፍቶ ይሮጣል» ብላ ጀመረች። «ይህ ሰው ግን ተመልሶ ዓይናቸውን ከደነ፤ ጣታቸውን አሰረ። የሚወዳቸው ሰው ነው። ትናንት ቁልፎቹን ሲፈትሹ ሦስቱ ተሸጠው አገኟቸው። ‹ሁሉም ደህና ናቸው› ሊሉ አይችሉም። ጋሽ አረጋና በድሩ ሣጥኑን መክፈት አይችሉም። እትዬ እየሩስም አይነኩትም።»

ከዚያ ጥቁሩን ክር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከሦስት ተገምዶ፣ ከላብ ብዛት የለሰለሰ ነው፤ አንድ ጫፉ በጉልበት ተበጥሷል።

«ይህ የስፌት ክር አይደለም፤ ማተብ ነው። የሟቹ ማተብ አብሯቸው ተቀብሯል። ታዲያ ይህ የማን ነው?»

ጋሽ አረጋ ሳያስቡት አንገታቸውን ዳሰሱ፤ የእሳቸው አለ። እትዬ እየሩስም ዳሰሱ። የቃለሕይወት እጅ ሻርፑ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ፍታው» አለች ገለቴ።

ፈታው። አንገቱ ባዶ ነበር፤ ክሩ ሲበጠስ የላጠው ቀይ መስመር ብቻ ይታያል።

«ልገድላቸው አልነበረም!» አለ። «ለማን እንደሸጥክ ንገረኝ ብለው ደረጃው ላይ እጄን ያዙኝ። ላስለቅቅ ስገፋ ወደቁ። ወርጄ ባያቸው ትንፋሽ የላቸውም። ጣታቸው ሳይታሰር እንዴት ጥያቸው ልሂድ? ሌላ ክር አጣሁ።»

«ያጎረሰህን እጅ ነከስህ!» ብለው ጋሽ አረጋ ተነሡ፤ በድሩ ያዛቸው።

እትዬ እየሩስ ቀረቡት። እንደ ልጃቸው ያሳደጉትን ሰው እንደ ባዕድ ትኩር ብለው አዩት።

«ቁልፎቹን ለምን እንደፈተሹ ታውቃለህ?» አሉት። «ከሠርግህ በኋላ ገነተ ማርያም ከተማ ላይ የራስህን ማተሚያ ቤት ሊከፍቱልህ ነበር። ትርፍ ያሏቸው ያንተን ነው። ‹የማይሠራ ቁልፍ ሰጥቼ ልጄን በሰው ፊት አላሳፍርም፤ አስቀድሜ ልሞክራቸው› ብለውኝ ነው የወጡት።»

ቃለሕይወት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰርቆ የሸጠው የራሱን ነበር። ሲያለቅስ ማንም አላባበለውም።

ፖሊሶቹ ሲያነሡት እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ።

«ማተቤን ስጡኝ። የክርስትና አባቴ ናቸው የገመዱልኝ።»

ገለቴ እትዬ እየሩስን አየቻቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ማስረጃ ነው» አለችና ክሩን ፖስታ ውስጥ ከተተችው።