ከጽጌረዳው ሥር የተዛቀ አፈር

ፋናዬ ሕፃኗን ሚጡን አጥብታ ካስተኛች በኋላ በየማለዳው የምትሠራው አንድ ሥራ ነበራት፤ በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ በባልዲ የተከለቻቸውን ጽጌረዳዎች ውሃ ታጠጣለች። ቅርንጫፎቹን ያመጣችው ከሟች እናቷ ጓሮ ነው። የችግኝ ሻጮች አፈር አልስማማቸው ብሎ ሲጠወልጉ፣ አራስ ከቤት አትወጣም ቢባልም አንድ ቀን ወጣች፤ እየፈረሰ ወዳለው ግቢ ሄዳ፣ እናቷ በሕይወት ሳለች ማንንም ከማታስቆፍርበት ከጽጌረዳው ሥር አንድ ጆንያ ጥቁር አፈር ዝቃ ተመለሰች። እንዴት ያለ አፈር! በሁለት ሳምንቱ አበቡ።

የባልዲ አፈር ውሃ በጠጣ ቁጥር እንደሚሰምጥ የማያውቀው አበባ ተክሎ የማያውቅ ብቻ ነው። የትልቁ ባልዲ አፈር ግን በየቀኑ ከፍ ይል ጀመር። በመዳፏ ስትጫነው ለብ ይላል፤ እጇን ስታነሳ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። የእርጥብ መሬት ሽታው ጠፍቶ የወተት፣ የጨርቅ፣ የሕፃን አናት ሽታ መጣ። «የአራስ አፍንጫ!» ብላ በራሷ ሳቀች። ሚጡ ግን ከዚያ ወዲህ ጡት ቀነሰች፤ በየቀኑ ከሳች። ፋናዬ ልጄን ላጣት ነው ብላ ፈራች።

በክርስትናዋ ዋዜማ፣ በሰባ ዘጠነኛው ቀን፣ አክስቷ እትዬ ድንቅነሽ ከሰዓት በኋላ መጡና በረንዳው ደፍ ላይ ቀጥ አሉ።

«ይሄን አፈር ከየት አመጣሽው?»

«ከእማዬ ጓሮ፣ ከጽጌረዳው ሥር።»

አማተቡ። «ልጄ፣ ካንቺ በፊት አንዲት ነበረች። ክርስትና ሳትነሳ ሞታ፣ እናትሽ በገዛ እጇ እዚያ ቀበረቻት። በሩን ዝጊና ልጅሽን እቀፊ፤ የነፍስ አባቴን ይዤ መጣሁ።»

ኮቴያቸው ከደረጃው ሳይጠፋ ከመኝታ ቤቱ ልቅሶ ተሰማ። ፋናዬ የበረንዳውን በር ቆልፋ ሮጠች፤ ሕፃኗን ከነፎጣዋ አፈፍ አድርጋ ጡቷን ሰጠቻት። ሕፃኗ ለሳምንታት ባልታየ ጉልበት ትስብ ጀመር። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» እንባዋ ወረደ። የሕፃን ልቅሶው ግን፣ ጡቱ በአፏ ሳለ እንኳ፣ አላቆመም። መጀመሪያ ከጎረቤት መሰላት፤ ከዚያ ጆሮዋን ሰጠች፤ አንዲት እናት ከሺህ ሕፃናት መካከል የምትለየውን ድምፅ ለየችው።

ከተቆለፈው በር ወዲያ፣ ከአፈሩ ሥር እየደከመች የምታለቅሰው ሚጡ ነበረች።