ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር

የሺአረግ መወልወያውን በሩ ላይ አስደገፈችው። ሰው ከገባ ይወድቃል፤ ትሰማለች።

ጥር 1981። ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ። እዚህ ጽዳት ናት። በኅቡዕ ድርጅቱ ግን «ድንቢጥ»። አንድ ሰው በዚህ ኮምፒዩተር የአራት ጓዶችን ስም ጽፎ ለደኅንነት ሰጥቷል። አራቱም ተይዘዋል። ማን ጻፈው? ጽሑፉን በዲስክ ቀድታ ልታወጣ ነው የመጣችው።

ለማሽኑ የምትጽፈውን የመቅጃ ትእዛዝ እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች። የመጨረሻዋ ቃል የጸሐፊውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንዳሉ ታቆያለች። ያለሷ ማሽኑ የዛሬን ይለጥፍበታል።

«የሺዬ፣ ያቺን ተያት፤ ታዘገይሻለች» ብሏት ነበር ጸጋይ፣ ማሽኑን ክፍት ሲተውላት። ጸጋይ የማሽኑ ሠራተኛ ነው። የድርጅቱም ሰው። የእሷም።

ጻፈቻት። ተይ ሲሏት መች ትሰማለች!

መወልወያው ወደቀ።

ዲስኩን ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ንግሥቲ ናት፣ ታይፒስቷ። ሽቶዋ ቀድሟት ገባ።

«አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አቧራ ነዋ! ቁሚ እዛው፣ ወለሉ አልደረቀም።»

«ጸጋይን አላየሽውም?»

ደግሞ እሱን ፈለገች! የሺአረግ መወልወያውን አነሳች። አምላኬ፣ ጸሐፊዋ እሷ ትሁን።

ከሰዓት በፊት ዲስኩ አቶ አረጋዊ እጅ ገባ፤ የድርጅቱ አለቃዋ ነው። የእሱ ማሽን ሌላ ዓይነት ነው፤ ቢሆንም ጽሑፉ ምንም ሳይጎድል ተከፈተ።

«ጃንዋሪ ዐሥር... ጥር ሁለት፣ ማክሰኞ። ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር። የጻፈችው ንግሥቲ። ያኔ ቢሮ ነበረች?»

«ነበረች! ከምሳ በኋላ አልወጣችም።»

«በቃ። ዛሬውኑ ትወገዳለች።» ስልኩን አነሳ።

ደስታ ሞላት። ዓይኗ ማሽኑ ላይ ዐረፈ። የአሁኑን ሰዓት ዐሥራ አንድ ከሃያ ይላል። የአረጋዊ የእጅ ሰዓት አምስት ከሃያ።

«ጋሼ፣ ቀኑን ወደኛ መለሱት። ሰዓቱንስ?»

አረጋዊ ስልኩን አስቀመጠ።

ማሽን ሰዓቱንም የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ዘጠኝ ከዐሥር ያለው ሦስት ሰዓት ከዐሥር ማለት ነው። ጠዋት።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ንግሥቲ ገርጂ፣ እህቷ ግቢ በርበሬ ስታሰጣ ነበር። የሺአረግ ከአጥሩ ጀርባ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ተቀምጣ አይታታለች። ጸጋይ ሲገባ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው። አልመጣም። ደስ ብሏት ነበር የተመለሰችው።

ዝም ብትልስ?

ዝም ካለች ንግሥቲ ትሞታለች። ጸጋይ የእሷ ብቻ ይሆናል።

«እሷ አይደለችም» አለች። «ገርጂ ስጠብቃት ነበር።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ቅናቴ።»

አረጋዊ አልሳቀም። «በስሟ ማሽኑን መክፈት የሚችል ማነው?»

ለእሷም ማሽኑን ከፍቶ የተወላት አንድ ሰው ነው።

«ጸጋይ። ያቺን ቃል ተያት ያለኝም እሱ ነው።»

በሦስተኛው ቀን የጸጋይ ወንበር ባዶ ነበር። ንግሥቲ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ ሴቶቹ ከበው ያባብሏታል። የሺአረግ ወለሉን እየወለወለች ደረሰችባት።

«አንቺ ምን አለብሽ!» አለቻት ንግሥቲ።

«እግርሽን አንሺ።»

አነሳችላት። ከሥሩ ወለወለች። መወልወያውን ጨምቃ አሰጣችና በጓሮ በር ወጣች።

ሰኞ ሌላ ጽዳት መጣች። የድሮዋን ስም የጠየቀ አልነበረም።