ከግድቡ የተረፉት ቧንቧዎች

ከክራኮቭ የመጣው ኦርጋን ሠሪ ሲኮራ በቤተ ክርስቲያኑ ግዙፍ ባለቧንቧ ኦርጋን ሆድ ውስጥ፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ፣ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ኢንስፔክተር ቫንዳ ዛሬምባ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ሰገነቱ ላይ ይጠብቋታል፤ ቄሱ አባ ቴዎፊል፣ ኦርጋን ተጫዋቿ እትዬ ያድቪጋ እና ደወል ደዋዩ ጋሼ ኢግናሲ። ሦስቱም «ብቻውን ነበር» አሏት፤ እንደ ጸሎት በአንድ ቃል።

ቫንዳ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። አሮጌዎቹ ቧንቧዎች ላይ የኤክስ ምልክት በጠመኔ ተጽፏል፤ ግማሹ በእጅጌ ተጠርጓል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ነገ የሚቀልጡት ናቸው» አሉ አባ። «ዛብሮጄ መንደር በግድቡ ውኃ ሲዋጥ ኢግናሲ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን በጋሪ አምጥቶ፣ እዚህ በእጁ የተከላቸው። ሲኮራ ‹አርጅተዋል› አለ፤ እኔም ፈረምኩ፣ ልጄ። ድምፃቸውን ሳል ይዞት ነበር።»

«ሳል የያዘው ሁሉ የሚቀልጥ ከሆነ እርስዎም አይተርፉም፣ አባ» አሉ እትዬ ያድቪጋ።

«ጠዋት ምን ሰሙ?» አለች ቫንዳ ወደ ቄሱ ዞራ።

«እዚሁ መስኮቱ ሥር ጎመን እየኮተኮትኩ ነበር። አንድ የኦርጋን ድምፅ ይጮኻል፤ ሲኮራ ‹ቀጥል› ይላል፤ ሌላው ይጮኻል። ሌላ ቃል አልነበረም፤ ለራሱ የሚናገር መሰለኝ።»

«እስቲ ያዚሙልኝ።»

አባ አዜሙ። እትዬ ያድቪጋ የኦርጋኑን ቁልፎች እየተጫኑ ተከተሏቸውና ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አንድ ቁልፍ እየዘለለ ነው። ማነው እንዲህ የሚጫወተው?»

«ጨዋታ አይደለም፤ ሲኮራ ቧንቧዎቹን ሲቃኝ ነው» አለች ቫንዳ። «ቃኚው ውስጥ ነው፤ ቁልፎቹ ውጭ። ስለዚህ ቁልፍ የሚጫን ሁለተኛ ሰው ነበር። እርስዎ ቢሆኑ፣ እትዬ፣ በተርታ ይጫኑ ነበር፤ ውስጡን አይተውት አያውቁም።»

«አቧራው ያስነጥሰኛል።»

«አባም ጎመናቸው ጋ ነበሩ። ውስጥ ግን ቧንቧዎቹ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ተከፍለው ነው የቆሙት። አንዱን ጎን ለመጨረስ አንድ ቁልፍ እየዘለሉ መጫን ነው። ሲኮራ ይህን ለማንም አላስረዳም፤ ‹ቀጥል› ብቻ ነው ያለው። የሚጫነው ሰው አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አንድ በአንድ የተከላቸው ሰው።»

ጋሼ ኢግናሲ ጠመኔ የነካ እጅጌያቸውን ወደ ኋላ ደበቁ፤ ከዚያ ምን ዋጋ አለው ብለው መለሱት።

«ለመንኩት» አሉ። «እናቴ የተቀበረችው ከዚያ ውኃ ሥር ነው። እሷ ከሰማችው ድምፅ የቀረኝ ይኼ ብቻ ነው። ሳቀብኝ። ወደ ውስጥ ገብቼ የቆመበትን መሰላል ገፋሁት።» ወደ ቧንቧዎቹ አዩ። «ነገ ያቀልጧቸዋል?»

«ማስረጃ ናቸው፣ ጋሼ። ክሱ እስኪዘጋ ማንም አይነካቸውም።»

በእኛ ፍርድ ቤት አንድ ክስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጋሼ ኢግናሲ አሳምረው ያውቃሉ። እጃቸውን ለካቴናው ሲዘረጉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተኮሳትሮ የዋለው ፊታቸው ፈታ አለ።