ማኅተም ያልነካው እሳት

የዘርማት ንጉሥ በቅዱሱ ፋኖስ ላይ ማኅተሙን ባተመ፣ ሊቀ መቅደሱም በላዩ የራሱን ደርቦ ባተመ ዕለት፣ ክንፋሙ ዘንዶ ጎርባ ከሰማይ ወርዶ እሳቱን በአፉ ይዞ ሄደ። ያለዚያ እሳት የመቃብር መብራት አይበራም፤ መብራቱ ያልበራለት ሬሳም አፈር አይለብስም።

ከቀስተኞች ሁሉ እጀ ቀናው ሳርሚን የአባቱን ሬሳ በጨው ሸፍኖ ካስቀመጠ ወር አልፎታል። እህቱ ሄላት ከሬሳው አጠገብ ንቅንቅ አልል ብላለች።

«አባቴ በሁለት ጌቶች ጠብ መሬት አይከለከልም! እሳቱን ሳልይዝ ብመለስ ስሜ ይጥፋ» ብሎ ሳርሚን ማለና ወደ ጎርባ ተራራ ተነሣ።

ንጉሡ ወታደሩን ዶርቃንን፣ ሊቀ መቅደሱ ቄሱን አባ ልሳምን አስከተሉት፤ እያንዳንዳቸው እሳቱን ለየጌታቸው ሊያስቀሩ።

«አባ፣ የወርቅ የዕጣን ጽናው አልከበደዎትም?» ይላል ዶርቃን።

«አንተ የራስ ቁርህን ጠብቅ ልጄ፤ ከሥሩ ምንም ስለሌለ ነፋስ እንዳይወስደው።»

ዘንዶው ከዋሻው አፍ ተጋድሞ ጠበቃቸው። «ሦስት ፍም ቀርቶኛል። በምን ትወስዱታላችሁ?»

ዶርቃን የራስ ቁሩን ዘረጋ፤ ያረፈበት ፍም ጢስ ሆኖ ጠፋ። አባ ልሳም ጽናውን ዘረጉ፤ ያም ጠፋ።

«ይህ እሳት ማኅተም ባለበት ዕቃ አያድርም» አለ ጎርባ።

በዘርማት ደግሞ ድስቱም ጋሻውም ወይ የቤተ መንግሥት ወይ የመቅደስ ማኅተም አለበት። ሳርሚን ቀስቱን አየ፤ የንጉሡ ምልክት አለበት። መሬት አስቀመጠውና ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ዘረጋ።

«እዚህ ላይ አድርግልኝ።»

«ዳግመኛ ቀስት አትስብም።»

«አውቃለሁ።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ጎርባ መዳፉ ላይ ያኖረለት የመጨረሻው ፍም እያቃጠለው ሳርሚን ተንገዳገደ። ዶርቃን በቀኝ፣ አባ ልሳም በግራ ደገፉት።

«አባ፣ ወደ እኔ ያዘንብል።»

«ግድ የለም፣ እኔ እችላለሁ። አንተ ውኃ አጠጣው።»

ከከተማዋ በር ንጉሡና ሊቀ መቅደሱ ቆመው ነበር። «ለማን አመጣኸው?» አሉ በአንድ አፍ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይለፍ» አለ ዶርቃን።

«ብፁዕ አባታችን፣ መንገዱን ይልቀቁለት» አሉ አባ ልሳም።

ሳርሚን በመካከላቸው አለፈ። የመቃብር መብራት ከድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ የእኔ ነው ብሎ ያተመበት የለም። ፍሙን ሲያኖርበት ቦግ አለ። አባቱ አፈር ለበሰ። ሕዝቡም የየቤቱን ሬሳ እየተሸከመ መጥቶ ከዚያው በችቦ ለኮሰ፤ ሲመሽ መቃብሩ ሁሉ በርቶ ነበር።

ማታ ሄላት በጨርቅ በተጠቀለሉት እጆቹ ፈንታ አጎረሰችው።

«አታተልቂው።»

«ዝም ብለህ ዋጥ። አሁን ደግሞ ትግደረደራለህ?»

ሳቀ። ሌላ ጉርሻ ቢጠብቅ አልመጣም። ዞር ብሎ ቢያያት፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል።