የሹክሹክታ አሮጌ ቅጂ

ሀብቴ ሁለቱን ስልኮች የሞባይል ቤቱ መስታወት ባንኮኒ ላይ አስቀመጠ። የራሱን አይፎንና የሾፌሩን ቴክኖ።

«ቴክኖው ላይ ሹክሹክታ የሚባለውን የመልእክት አፕ ጫኚበት» አለ። «ለሱ የላክሁትን ምስል በኔ ሳጠፋው በሱም ይጠፋል?»

«ይጠፋል ጋሼ። ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች ሊሻን።

ውሸት ነው።

ሊሻን የሚለው ስምም ውሸት ነው። ከአዲስ አበባ የተላከች የፖሊስ ሰላይ ናት። እዚህ ሆሳዕና ከተማ ሞባይል ቤት ተቀጥራ ሦስት ወር ሆናት። ሀብቴ ደላላ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ አደርሳችኋለሁ ብሎ ሃያ ሦስት ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ዛሬ ሳይመሽ ይጫናሉ። ባለፈው ጉዞ ስድስት ልጆች መኪና ውስጥ ታፍነው አልቀዋል። ግቢውን ካላገኘች እነዚህም ያው ናቸው።

አይፎን ላይ ያለው ሹክሹክታ ንጹሕ ነው፤ ያጠፉት ይጠፋል። የአንድሮይዱ ግን በከተማው ከሱቅ ሱቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጥ አሮጌ ቅጂ ነው። አፕ ለማደስ ማን ካርድ ያቃጥላል? ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የጠፋው ምስል ሁሉ ተመልሶ ጋለሪ ውስጥ ቁጭ ይላል።

ጭና ስትጨርስ ሀብቴ የግድግዳውን ካላንደር በአይፎኑ ፎቶ አነሳ። ላከ። አጠፋ። የቴክኖውን ጋለሪ ከፈተ።

ባዶ ነው።

«ጎበዝ» ብሏት ወጣ። 

ስድስት ሰዓት ላይ ሾፌሩ ብቻውን መጣ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቶበታል። እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ለቻርጅ ሰጥቷት ምሳ ሊበላ ሄደ።

ሰካችው። አበራችው።

ካላንደሩ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ ሀብቴ ለሾፌሩ ልኮ ያጠፋው ሌላ ፎቶ፤ ወደ ጊምቢቹ መውጫ ላይ ካለው ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ አረንጓዴ የብረት በር። ግቢው ተገኘ።

ወዲያው ከሀብቴ አዲስ መልእክት ገባ። ስልኩ ሞቶ ሳለ የተላከ ነው።

የራሷ ፎቶ። በፖሊስ የደንብ ልብስ። ሥሩ «ይቺን ይዘሃት ና» ይላል።

ያን ፎቶ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አለቃዋ ጠና። ያገኘችውን ሊረከባት አሁን እየመጣ ያለው ጠና ለሀብቴ ሸጧታል። የበሩን ፎቶ ዱራሜ ላለችው የሥራ ጓደኛዋ ለእህተማርያም ላከችው። ሌላ የምታምነው ሰው የላትም።

ጠና ገባ።

«ለቴክኖ የሚሆን ከቨር አለሽ?» የምስጢር ቃላቸው ነው።

«አልቋል።» ምንም አላገኘሁም ማለት ነው።

«እንግዲያው ነይ። ውጭ መኪና አለ።»

 ፈርታለች፤ እንደ ሕፃን ፈርታለች።

ባለሱቋ እትዬ ብርቅዬ ልጅቷ የባንኮኒውን ጠርዝ ጨብጣ አልለቅ ስትል ከጥግ ሆና አየች።

«ወዴት ወዴት?» አለች ቆጣ ብላ። «መጀመሪያ ከጓሮ ያን ካርቶን ታምጣልኝ።»

የጓሮው በር ወደ ገበያው ያወጣል። ሊሻን ካርቶኑን አልነካችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በወራቤ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች። ከዱራሜ መልእክት ገባ። «ሃያ ሦስቱም በሕይወት ወጥተዋል። ሀብቴ ተይዟል። ጠና አልተገኘም።» የኋላውን መስኮት በየደቂቃው ታያለች።

አጠገቧ ያሉት እናት ወሬ ጀመሩ።

«ባለሞባይሏን ብርቅዬን ጉድ ሠሯት። የቀጠረቻት ልጅ የት ገባች ብለው ክንዷን ሰበሩት። እሷ ሆመቾ ሄዳለች ብላ ሰደደቻቸው። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ‹ያቺ ልጅ ምሳዋን ሳትበላ ወጣች› ትላለች አሉ። ልጅቷን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም እማማ። ለአገሩ እንግዳ ነኝ።»

እናትየው ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱላት። ተቀበለች። ሳትበላው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።