«እ» የምትለዋ አድማጭ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስታውቃችሁ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ቢሮ ውስጥ በሻይ ሰዓት አንዱ «አክስቴ ቤት ማታ ማታ ድስት ይንኳኳል» ብሎ ሲጀምር ብርጭቆዬን ይዤ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ድስት የሚያንኳኳው አይጥ ነው፣ አይጥ ካልሆነ ጎረቤት ነው፣ ጎረቤትም ካልሆነ አክስቱ ራሳቸው ናቸው። ይህን የምላችሁ እንዳትስቁብኝ አይደለም፣ ሳቁ፣ ጓደኛዬ ሰሎሞንም ስቆብኛል። ግን እመኑኝ፣ ምንም አልጨመርኩበትም፣ እንዲያውም ነገሩን ሳስታውሰው ከመፍራት ይልቅ ስለምናደድ የማሳመር ፍላጎቱም የለኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከንባብ ነው። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በስልክ የንባብ ግሩፕ አለን፣ ወር ሲያልቅ ሁሉም በዚያ ወር ያነበበውን ይቆጥራል፣ ለእያንዳንዱ ኮከብ ይሰጣል፣ ሁለት ሦስት መስመር አስተያየት ጽፎ ይለጥፋል። እኔ የወረቀት መጽሐፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ቦታም የለኝም፣ የልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ አልጋና የመጽሐፍ መደርደሪያ አብረው አይገቡም፣ ስለዚህ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ስልኬ ላይ ፒዲኤፍ አነባለሁ፣ ከሥራ ስመለስ ትረካ አዳምጣለሁ፣ የትኛውን ጀምሬ የትኛውን እንደጨረስኩ የሚቆጥርልኝ አፕም ጭኛለሁ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ፒዲኤፉ አንዱ ገጽ ተገልብጦ ይመጣል፣ ሌላው ገጽ ላይ ስካን ያደረገው ሰውዬ በአውራ ጣቱ ጋርዶ ልክ ልጅቷ «እሺ» ወይ «እምቢ» የምትልበትን መስመር ይበላዋል፣ አፑ ደግሞ ጳጉሜ የሚባል ወር መኖሩን አያውቅም። የጳጉሜ ንባብ ለብቻው ይቆጠር ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ሰሎሞን፣ የግሩፑ አድሚን ነው፣ «አምስት ቀን ወር አይባልም፣ ደግሞ አንተ የምታዳምጥ እንጂ የምታነብ ሰው አይደለህም» ብሎ ጻፈልኝ። ማዳመጥ ማንበብ ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር ስንት ምሽት እንደበላብን አትጠይቁኝ። እልህ ያዘኝና አንድ ረጅም ትረካ ጳጉሜ ላይ ጨርሼ ለብቻው እለጥፋለሁ ብዬ ማልኩ።

ትረካውን የማዳምጠው ብቻዬን አልነበረም። ፊት ለፊቴ ያለው በር የጋሽ ወርቁ ነው፣ ጋሽ ወርቁ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል በጣታቸው እየለቀሙ ገጽ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ሲወጡ ግን ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወሰደባቸው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህም ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ሂሩት አዳማ ትኖራለች፣ ደግ ልጅ ናት፣ ግን በደወለች ቁጥር «አባዬ፣ ብቻህን መኖር አትችልም፣ ና እኔ ጋ» ትላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ ልደታ ተወልደው ልደታ ያረጁ ናቸው፣ የማርያምን ደወል ሳይሰሙ መዋል አይሆንላቸውም። በመጨረሻ አባትና ልጅ ተስማሙ፣ ራሳቸውን እስከቻሉና አእምሯቸው ደህና እስከሆነ ድረስ እዚሁ ይቆያሉ፣ ያ ከቀረ ግን ያለ ክርክር ይሄዳሉ። «እግሬም ደህና፣ ጭንቅላቴም ደህና» ይሉኝ ነበር፣ «ሰበብ አልሰጣትም»።

ከሥራ መግባቴን ሲሰሙ በሬን በዘንጋቸው ነካ ያደርጋሉ፣ ገብተው መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመዋለሁ፣ በመሀላችን አንዲት ባዶ በርጩማ አለች። ትረካው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስጫንኩት ነው፣ አንድ ነጋዴ ጠፍቶ የቀረ ወንድሙን ፍለጋ አገር ላገር ሲንከራተት የሚተርክ ነው። ጋሽ ወርቁ ወንድምየው ይገኝ እንደሆነ ለማወቅ ቸኩለው ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷቸው ነበር።

«እ» የምትለዋን ታውቋታላችሁ፣ ሰው ሲያወራን እየሰማን መሆናችንን ለማሳወቅ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላትን። ነሐሴ ውስጥ ነው ያስተዋልኳት፣ ተራኪው አንድ ነገር ተናግሮ ሲያርፍ «እ»፣ ነጋዴው ወንዙን ሲሻገር «እ»፣ በቅሎው ሲሰረቅበት «እ»። እኔ ሳዳምጥ ፀጥታ እወዳለሁ፣ ሰው አጠገቤ ሲያኝክ እንኳ አልችልም፣ ግን ጋሽ ወርቁ ናቸው ብዬ ታገስኩ፣ ትልቅ ሰው «እ» አይበሉ አይባልም። አንዳንዴ ተራኪው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀድማ ትመጣ ነበር፣ እሱም የበለጠ ያናድደኝ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ የወሩን አስተያየት መጻፍ ሰለቸኝና በድምፅ ቀድቼ ላክሁት። ጋሽ ወርቁ ወደ ቤታቸው ገብተዋል፣ በሬ ዝግ ነው፣ ብቻዬን ነኝ። ወዲያው ሰሎሞን መለሰ፣ «ጀለሴ፣ ሳትነግረን ሚስት አገባህ እንዴ? በየቃሉ ‹እ› የምትልልህ ማናት?»

ከፍቼ ሰማሁት። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስም እናገራለሁ፣ «እ»። ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ እላለሁ፣ «እ»። መጨረሻው ተንዛዝቷል እላለሁ፣ «እ»። የፈራሁ እንዳይመስላችሁ፣ ስልኩን ግድግዳው ላይ ልከሰክሰው ነበር፣ ገና ዕዳውን ከፍዬ ያልጨረስኩት ስልክ ተበላሸ ብዬ። አጥፍቼ አበራሁት፣ እንደገና ቀዳሁ፣ ንጹሕ ነው። ለማረጋገጥ ሌላ ቀዳሁ፣ እሱም ንጹሕ ሆኖ ሄደ ሄደና የመጨረሻዋን ቃል ከተናገርኩ በኋላ፣ ልዘጋው ስል፣ «እ»።

በማግስቱ ጋሽ ወርቁ እንደተቀመጡ ትረካውን ሳልከፍት ጀመርኩ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንሰማ ‹እ› ባይሉ ደስ ይለኛል፣ ሐሳቤን ይበትነዋል።»

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አንተ ነህ ብዬ ስደሰት ነው የከረምኩት። በዚህ ጊዜ እንዲህ አድርጎ ሰው የሚሰማ ወጣት አለ ብዬ ለሂሩት ሳይቀር ነግሬያታለሁ።»

 ከዚያ እኔ ተነሳሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ የቧንቧውን መዝጊያ አጠበቅሁ፣ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ትረካውን ከፈትኩና አፌን በእጄ ያዝኩ፣ እሳቸውም ገብቷቸው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ተራኪው ነጋዴው የደረሰበትን መንደር እየገለጸ ነው፣ ውጭ ዝናብ ይዘንባል፣ ጎረቤት ልጅ ያለቅሳል፣ እኔ በልቤ «ይኸው፣ ምንም የለም» እያልኩ ነው። «እ»። ጋሽ ወርቁ ዘንጋቸውን አንስተው ቀስ አድርገው ወደ በርጩማዋ ጠቆሙ።

«ከዚህ ነው» አሉ። «ሴት ናት።»

ባለቤታቸው ትዝ አሉኝና እንዴት አድርጌ እንደምጠይቃቸው ስቸገር እሳቸው ቀደሙኝ። «እሷ አይደለችም። የሚስቴን ትንፋሽ ይጠፋኛል ብለህ ነው? ይቺን አላውቃትም።» ትንሽ አሰቡና እዚህ ቦታ ላይ ስለፈረሱት የድሮ ቤቶች፣ ስለተበተነው ሰው ሊያወሩኝ ሲጀምሩ ቆጣ አልኩ፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኮ ነን፣ ድሮ እዚህ ከፍታ ላይ የኖረ ወፍ ብቻ ነው»። ሳቁ። «ተዋት እባክህ» አሉኝ፣ «ከሰሎሞንህ የተሻለች አድማጭ ናት። ለሂሩት ብቻ እንዳትነግርብኝ።»

እንግዲህ ተው ቢባል ማን ይተዋል፣ እኔ ለግሩፑ ምያለሁ፣ እሳቸው ወንድምየው ሳይገኝ አይተኙም፣ ስለዚህ ቀጠልን። ጳጉሜ ገባ። እኔ በየቀኑ አዲስ ምክንያት እፈልጋለሁ፣ ካርዱን እቀይራለሁ፣ ድምፁን እቀንሳለሁ፣ አልጋዬን እገፋለሁ፣ በርጩማዋን ወደ መታጠቢያ ቤት ወስጄ ተመለስኩና «እ»ዋ ከዚያ ከመታጠቢያ ቤት ስትመጣ መልሼ አመጣኋት፣ ያ ይብሳል። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ለምደዋት አረፉት፣ ሲገቡ «እንደምን አመሸሽ» ይላሉ። ይህም ያናድደኝ ነበር፣ ምክንያቱም እሳቸው ሰላም ካሏት በኋላ እኔ ዝም ስል ባለጌ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የጳጉሜ መጨረሻ ዕለት ሂሩት ለበዓሉ መጣች። ዶሮዋን ኮሪደሩ ላይ አሰረች፣ አባቷን ሳመች፣ ማምሻውን «እስቲ ይህ ሁልጊዜ የምትነግረኝ ትረካ ምንድነው?» ብላ ተከትላቸው እኔ ቤት ገባች። የቀረን የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ ዛሬ ማታ ሰሎሞን ምን እንደሚል አያለሁ እያልኩ ነው። ሂሩት ዞር ዞር ብላ አየችና መቀመጫ ስታጣ በርጩማዋን ሳብ አደረገች።

«ኧረ እዛ አትቀመጪ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ «ሰው አለ።»

ሂሩት በርጩማዋን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ጋሽ ወርቁ ምን እንዳሉ ወዲያው ገባቸው። ዝም ብል ይሻል ነበር። እኔ ግን፣ በእንዲህ ያለ ነገር የማላምነው እኔ፣ «እውነታቸውን ነው ሂሩት፣ እኔም እሰማታለሁ» አልኩ።

«አንተም?» አለች፣ በማዘን እንጂ በቁጣ አልነበረም።

ላስረዳት ሞከርኩ። የነሐሴውን ቅጂ ከፈትኩላት፣ የእኔ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሦስት ኮከብ፣ መጨረሻው ተንዛዝቷል፣ ሌላ ምንም የለም። የሰሎሞንን መልእክት አሳየኋት፣ «ጓደኛህ ሲቀልድ ነው» አለችኝ። ትረካውን ከፈትኩት፣ ተራኪው ያወራል፣ ያርፋል፣ ያወራል፣ ያርፋል፣ ባረፈ ቁጥር ጆሯችን ይቆማል፣ ምንም። በዕድሜዬ በርጩማ ለምኜ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን እሳቸውን እያየሁ በልቤ «አንዴ ብቻ በይ፣ ስለ ማርያም አንዴ» እያልኩ ለመንኳት። ሳምንት ሙሉ ዝም እንድትል ስለፋ ያልሰማችኝ፣ ስትፈለግ ጠፋች። ሂሩት እጇን ሰዳ ስልኩን አጠፋችው።

«በቃ ታደሰ፣ ተው» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ሰበቡን የሰጠኋት ራሴ ነኝ።»

በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ወሰደቻቸው። ደረጃውን ሲወርዱ ዘንጋቸው እያንዳንዱን ደረጃ ሲነካ ከላይ ሆኜ ሰማሁ፣ ለመሸኘት መውረድ ነበረብኝ፣ አልወረድኩም። የጳጉሜውን አልለጠፍኩም። ሰሎሞን «ወሯ አጠረችብህ?» ብሎ የሚስቅ ምልክት ላከልኝ፣ አልመለስኩለትም። ያን የመጨረሻ ክፍል ብቻዬን መክፈት አልቻልኩም፣ ሌላ ትረካም አልጀመርኩም፣ ቤቱም ዝም ብሎ ከረመ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት ጋሽ ወርቁ ደወሉ። አዳማ ሙቀቱ እንደማይስማማቸው ነገሩኝ፣ ሂሩት በደንብ እንደምትይዛቸው ነገሩኝ፣ ከዚያ «ወንድምየው ተገኘ?» አሉ። እኔም ሳልሰማው እንደቀረሁ ስነግራቸው «እንግዲያው አሁን እንስማው» አሉ። ካርዱን አሮጌው ስልኬ ውስጥ ከትቼ ሁለቱን ስልኮች መስኮቱ ደፍ ላይ አጠጋጋኋቸው። ነጋዴው ወንድሙን አገኘው፣ ወንድምየው ግን አላወቀውም፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ውኃ ሰጥቶ ሸኘው፣ አበቃ። ትረካው ካለቀ በኋላም ሁለታችን ሳንናገር ቆየን፣ ምን እየጠበቅን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አለች?» አሉኝ በመጨረሻ።

«የለችም ጋሽ ወርቁ፣ አንዴም አላለችም።»

«እዚህም የለችም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ማታ ማታ ጆሮዬን እጥላለሁ፣ የለችም። ዝምታው ከበደኝ ልጄ።» እንደወትሮው መረቁኝና ስልኩን ለሂሩት ሰጧት፣ እሷም ሰላም ብላኝ ዘጋችው።

አሮጌውን ስልክ አጠፋሁት። አዲሱ ላይ አፑን ከፍቼ መጽሐፉን «ያለቀ» ወደሚለው አስገባሁት፣ ዘግይቶም ቢሆን ልለጥፈው አስቤ ተውኩት፣ ምን ብዬ ነው የምጽፈው። ተናደድኩ፣ በሂሩት ነው፣ በራሴ ነው፣ በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ተናድጄ ወደዚያች ባዶ በርጩማ ዞርኩና ጮክ ብዬ፣ «ይኸው፣ አለቀ» አልኩ።

«እ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ በስልክ እንኳ አላወራም፣ ኮሪደር ወጥቼ ነው። «እ» ደግሞ፣ እናንተም ታውቋታላችሁ፣ ገብቶኛል ማለት ብቻ አይደለችም፣ ቀጥል ማለትም ናት። መጽሐፉ አልቋል፣ ጋሽ ወርቁ አዳማ ናቸው፣ ማታ ስገባ እኔና በርጩማዋ ብቻ ነን፣ ምን እንድቀጥልላት እንደምትፈልግ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።